የታችኞቹ አራት ረድፎች

ሰኔ 4 ቀን

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኛል። ከአልጋዬ የሚያነሳኝ ሰው የለም፤ ራሴ እነሳለሁ። ምድጃዬን ራሴ አነዳለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ሃምሳ ስድስቱን ረድፍ ወይን ዘንድሮም ራሴ ከርክሜዋለሁ። የመድኃኒት መርጫውን ሞልቼ፣ በጀርባዬ አዝዬ ከመንገዱ እስከ ወንዙ እወርዳለሁ። ሁለቴ አረፈ ያለሽ ሰው ካለ ዋሽቷል፤ አንዴ ነው ያረፍኩት። ይህን ያስቀደምኩት "ይችላሉ ወይ" ብለሽ ስለጻፍሽልኝ ነው። እችላለሁ።

አሁን ሰላምታው ይግባ። የወንድሜ ልጅ፣ ያለሽበት ቤት ጣሪያው አያፍስስ፣ አሠሪሽ ክፉ አይናገርሽ፣ ባሕር ማዶም ቢሆን በስምሽ የሚጠራሽ ሰው አይጥፋ። አሜን በይ።

ፊደል የቆጠርኩት ከአርባ ዓመቴ በኋላ ነው፤ ያስቆጠረችኝ ሚስቴ ናት። በእሷ ጊዜ ደብዳቤ የምትጽፍልሽ እሷ ነበረች፤ እኔ "ሰላም በያት" ብዬ ወደ ሥራዬ ነበር የምሄደው። ከሞተች አራት ዓመት ሆነ። ስለዚህ መስመሬ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድ አትሳቂ።

ወደ ጉዳይሽ ልምጣ። "የቤተሰብ የወይን ለቀማ በዓል" ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አልገባኝ ብሎ አይደለም፤ አላምን ብዬ ነው። ሰው ከከተማ ልጆቹን ይዞ መጥቶ፣ በር ላይ ከፍሎ፣ የእኔን ወይን ይለቅምልኛል? እኔ እስከማውቀው ለቃሚ ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም። ለዝምቴ ባነብላት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ዝምቴን ታስታውሻታለሽ፤ ሐረጉን ከሽቦው ጋር የምታስረው ሠራተኛዬ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት አብራኝ ሠርታለች። ዝምቴ ያልናት አፏ ስለማያርፍ ነው። "ጋሼ፣ ከሆነስ ድንጋዩንም እያስከፈልን እናስለቅማቸው!" አለች።

ወይን መጫወቻ አይደለም። አባትሽና እኔ ይህን መሬት የቆፈርነው ሰው መጥቶ እንዲጨፍርበት አልነበረም። ግማሹ የአባትሽ ነው፤ አባትሽ የለም፤ ስለዚህ ያንቺ ነው። አልካድኩም። የያዘው እጅ ግን የእኔ ነው። አይሆንም ብያለሁ።

አጎትሽ


ሰኔ 29 ቀን

ይድረስ በአባቴ ምትክ ለቀሩልኝ ለአጎቴ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ይህች ደብዳቤ በመልካም እንድታገኝዎ እመኛለሁ። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ደጅዎን ከክፉ ይጠብቀው። እኔ ደህና ነኝ። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት ሙቀቱ እንደ ድሮው ነው፤ የቀኝ እጄ አንጓ ያብጥና ይመለሳል። አያስቡ።

አጎቴ፣ ስልክ አልይዝም ስላሉኝ እንጂ ይህን በአፌ ብነግርዎት ይሻለኝ ነበር። ጭማቂ ፋብሪካው ዘንድሮ ወይን እንደማይገዛ ሰምቻለሁ። አምና የገዛው ግማሹን ብቻ እንደነበረ፣ ቀሪው ረድፉ ላይ ደርቆ እንደቀረም ሰምቻለሁ። ከእርስዎ አይደለም የሰማሁት። ዝምቴ ነች በስልክ የነገረችኝ።

ሌላም ነገር ነግራኛለች፤ አይቆጧት። በር ላይ የቆመውን የሚያውቁትን ሰው "ማነህ?" ይሉታል አለችኝ። አጎቴ፣ ዓይንዎ እንዴት ነው? እውነቱን ይንገሩኝ። የማያዩ ከሆነ ብቻዎን እዚያ እንዲኖሩ ሕሊናዬ አይፈቅድም። ድርሻዬን ሸጬ፣ ከተማ ውስጥ አረጋውያን በነርስ የሚጦሩበት ቤት አስገባዎታለሁ። የሚያዩ ከሆነ ደግሞ ይህን አንድ ዓመት እንሞክር። በዓሉ ከተሳካ እርሻው ራሱን ይችላል፤ እርስዎም ከቤትዎ አይነቃነቁም።

የማነጋግረው ሰው ሠርግና ምርቃት የሚያዘጋጅ ነው። ልጆች በትንንሽ ቅርጫት ይለቅማሉ፤ በገንዳ ውስጥ ወይን በእግራቸው ይረግጣሉ፤ በትራክተር ተሳቢ ይዞራሉ፤ ወላጆች ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። መጠጥ የለም፣ ጭቅጭቅ የለም። ለአንድ ቀን ብቻ ነው።

የዓይንዎን ነገር ሳይመልሱልኝ እንዳያልፉ። እግርዎን ስሜአለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ሐምሌ 20 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ የእጅሽን አንጓ ፈጣሪ ያሽረው፤ በሞቀ ጨርቅ ጠቅልይው።

ዓይኔን ጠየቅሽኝ። ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም በቦታቸው አሉ።

ዝምቴን ተቆጥቻታለሁ። "እኔ ስለ ዓይን አላወራሁም፤ ስለ በር ነው ያወራሁት" አለችኝ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ "በዓሉ ይደረግ፣ በዓሉ ይደረግ" እያለች ጆሮዬን በላችው። "ሰው ሳያየን ልንደርቅ ነው እንዴ ጋሼ? ልጅ ጮኾበት የማያውቅ እርሻ የመቃብር ቦታ ነው" አለችኝ። እኛ ልጅ አልወለድንም። ይህን ስትል ክፋት አልነበራትም፤ አፏ ነው የቀደማት። ሂጂ ሥራሽን ሥሪ አልኳት፣ ቆየሁና ግን እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት እሷ ስላለችኝ አይደለም። አንቺ ስላስፈራራሽኝም አይደለም።

አዘጋጅሽ መጣ። ጫማው ከጣሪያዬ ቆርቆሮ በላይ ያበራል። ፍም ላይ እንደቆመ ሰው እግሩን እያነሳ ይራመዳል።

"አባባ፣ ይቺ ግንድ ስንት ዓመቷ ነው?" አለኝ።

"ከእናትህ ትበልጣለች፤ ግን ዘንድሮም አፍርታለች" አልኩት።

ዝምቴ ከሽቦው ማዶ ሆና "ጋሼ፣ እንግዳ ነው፣ እናቱን ይተዉለት!" ብላ ጮኸች።

አንድ ነገር ግን ለዚህ ሰውዬ ንገሪልኝ። ተባይ ከወጣ መድኃኒት የምረጨው እኔ ብቻ ነኝ። ከረጨሁ በኋላ በረድፉ ራስ፣ የመጀመሪያው እንጨት ላይ ቀይ ጨርቅ አስራለሁ። ጨርቁ የሚስቴ የራስ ሻሽ ነበር፤ ቆራርጣ ጠርዝ ጠርዙን የዘመዘመችው እሷው ናት። ያ ጨርቅ ባለበት ረድፍ ሃያ አንድ ቀን እስኪሞላ አንዲት ፍሬ አትቀመስም። ቀኑን የምቆጥረው እኔ ነኝ፤ የሚያስረውም የሚፈታውም የእኔ እጅ ነው። ዝምቴ እንኳ በሃያ ሁለት ዓመት ነክታው አታውቅም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ደቃቅ ጽሑፍ አይነበበኝም፤ የራስ ቅሉን ሥዕል ግን አውቀዋለሁ።

ይህን ካከበሩ ይምጡ። ይጨፍሩ።

አጎትሽ


ነሐሴ 8 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፦

እሺ ማለትዎን ሳነብ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ አለቃዬ አየችኝና አንሶላ ማጠፍ ጀመርኩ። ፈጣሪ ክብረት ይስጥዎ። ከቤትዎ ሳይወጡ እንዲያረጁ ነው የኔ ምኞት፤ ይህን ይወቁልኝ።

በዓሉ ነሐሴ 28 ቀን ይሆናል። ስልሳ ቤተሰብ ተመዝግቧል። ከእርስዎ መንደርም ያለ ክፍያ እንዲገቡ አስደርጌአለሁ፤ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ አይቶ አይመለስም።

የቀይ ጨርቁን ነገር ለአዘጋጁ ነግሬዋለሁ፤ አልነካውም ብሏል። እሱ ደግሞ በየረድፉ ራስ ላይ ባለ ብዙ ቀለም ጨርቅ ላንጠልጥል፣ ፎቶው ያምራል ብሎኝ ፈቅጄለታለሁ። እርስዎንም ተሳቢው ላይ ከልጆቹ ጋር እንዲያስቀምጥዎ ለምኜዋለሁ። "የወይኑ አያት" ይልዎታል። አይሳደቡ።

ስለ ዓይንዎ የመለሱልኝ አላስደሰተኝም። ግን ይሁን።

የወንድምዎ ልጅ


ነሐሴ 17 ቀን

ለወንድሜ ልጅ።

ደብዳቤሽ ገና አልደረሰኝም፤ የቸኮልኩበት ነገር ስላለ ነው የጻፍኩት። ተባይ ወጣብኝ። ትናንት ጠዋት ወንዙ ዳር ያሉትን የታችኞቹን አራት ረድፎች ረጭቻለሁ። አራቱም ላይ ጨርቅ አስሬአለሁ። እስከ መስከረም 2 ድረስ ሰው አይገባባቸውም። ለአዘጋጅሽ ንገሪው። እኔ ከእሱ ጋር ብዙ አላወራም፤ "አባባ" ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ፈጣሪ ይጠብቅሽ።

አጎትሽ


መስከረም 5 ቀን

ለወንድሜ ልጅ።

እኔ አለሁ። ይህን ለመጻፍ አራት ቀን ተቀምጫለሁ።

በዓሉ ሆነ። ስልሳ ሁለት ቤተሰብ መጣ። ልጆቹ ቅርጫት ተሰጣቸው፤ ከለቀሙት የበሉት ይበልጣል። ሁለት ሰፊ ገንዳ ሙሉ ወይን በባዶ እግራቸው እየረገጡ ተንጫጩ። አንዲት አያት "እኔስ እግር የለኝም?" ብላ ገባችና ተንሸራታ ቁጭ አለችበት፤ ሰው ሁሉ በሳቅ አለቀ፣ እሷም አብራ። እኔን ተሳቢው ላይ አውጥተው ከልጆቹ መሃል አስቀመጡኝ። አዞሩኝ፣ አዞሩኝ፣ እንደገና አዞሩኝ። ሐሰት አልናገርም፣ እስከ ቀትር ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ሚስቴ ብታየኝ ብዬ አስቤአለሁ።

አዘጋጅሽ በየረድፉ ራስ ላይ ጨርቁን አንጠልጥሎ ነበር። ቀይም፣ ቢጫም፣ ሰማያዊም ነበረበት ይላሉ።

ከቀትር በኋላ የላይኞቹ ረድፎች ተለቅመው አለቁ። ልጆቹ ገና ይለቅማሉ፤ ቅርጫቱ አልሞላም። ዝምቴ ወደ ወንዙ ወሰደቻቸው። የእኔ ጨርቅ እዚያ ነበር፤ ከእነሱ ጨርቅ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

ሊመሻሽ ሲል አንድ ልጅ አስመለሰው። ብዙ በልቶ ነው ተባለ። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ምራቃቸው ይዝረበረብ፣ ላብ ያጠምቃቸው ጀመር። አምስት ናቸው። በትራክተሩም፣ በሰው መኪናም ተጫኑ። አራቱ ተርፈዋል፤ ፈጣሪ ይመስገን። አምስተኛዋ የብስክሌት ጠጋኙ ልጅ ናት። መንደር መግቢያ ላይ ያለውን ጠጋኝ ታውቂዋለሽ፤ የሁሉንም ሰው ጎማ ይሞላል፣ ለአየር አያስከፍልም። ስድስት ዓመቷ ነበር። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ዝምቴን ፖሊስ ወሰዳት። እኔንም ጠየቁኝ። "ጨርቁን አስሬ ነበር" አልኩ። እውነት ነው፣ አስሬ ነበር።

ሌላ የምለው የለኝም።

አጎትሽ


መስከረም 26 ቀን

ለአጎቴ፦

ምን ብዬ ሰላም ልበልዎ? ፈጣሪ ያጽናዎ፤ የዚያችን ልጅ ወላጆች ያጽናና።

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ማሽኖቹ መሃል ቆሜ ነው። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም። ያንን የቀለም ጨርቅ ፈቅጄ ያሰቀልኩት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእርስዎ ብቻ ነው።

አሁን ግን ልብ ብለው ያንብቡኝ። ጠበቃ አነጋግሬአለሁ። የነሐሴ 17 ደብዳቤዎ የደረሰኝ በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው፤ ሳነበው አለቀስኩ። ጠበቃው ግን "ይህ ወረቀት ያድናችኋል" አለኝ። ረድፉን፣ ቀኑን፣ ጨርቁን ሁሉ አስቀድመው ጽፈዋል። ስለዚህ ባለቤቱ አስጠንቅቋል፣ ሠራተኛዋ ግን ቃሉን ጥሳ ልጆቹን አስገብታለች ማለት ነው። አዘጋጁ አንድ ወረቀት ያመጣልዎታል። "ዝምቴን በቃል አስጠንቅቄአት ነበር" የሚል ነው። ይፈርሙበት።

ወደ ጣቢያው አይሂዱ። ወደ ጠጋኙ ቤትም አይሂዱ፤ ሄዶ ይቅርታ መጠየቅ ጥፋተኛነትን ማመን ነው ብሎኛል። ዓይንዎን በተመለከተም ማንም ሲጠይቅዎ ደህና ነው ይበሉ። አያይም ከተባለ ሁሉም ነገር ወደ እርስዎ ይዞራል። ቤቱም፣ እርሻውም፣ እርስዎም ትሄዳላችሁ። ዝምቴ ልጅ የላት፣ ባል የላት፤ ጥቂት ዓመት ነው። ስትወጣ እኔ እጦራታለሁ።

እንዲህ ብዬ መጻፌን ሳየው ራሴን አላውቀውም። ግን ይፈርሙ። ፈጥነው ይመልሱልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 17 ቀን

ለአጎቴ፦

በጤናዎ ነዎት? መልስ የለም። አዘጋጁ ወረቀቱን እንዳደረሰልዎ፣ እርስዎም ተቀብለውት በሩን እንደዘጉበት ነግሮኛል። ፈርመዋል? ፍርድ ቤት ኅዳር 6 ቀን ነው አሉ።

ለጎረቤትዎ ለወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ስልክ ደውዬ ነበር። "ሽማግሌው በየቀኑ ይወጣል፤ ዱላ ይዞ አጥሩን እየዳበሰ ይወጣል፤ የት እንደሚሄድ አላውቅም" አለችኝ። አጎቴ፣ የት ነው የሚሄዱት?

ሁለት ቃል ይበቃኛል። ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 3 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣ የሟች ወንድሜ አደራ።

ፈጣሪ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። የጨርቁ ነገር ያንቺ ጥፋት አይደለም። የማን እንደሆነ አሁን እነግርሻለሁ።

ዓይኔን ጠየቅሽኝ፣ ሸወድኩሽ። አላይም። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እየደበዘዘ መጣ፤ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቀለም የሚባል ነገር የለኝም። ቀዩም፣ ሰማያዊውም ለእኔ አመድ ነው። ይህን የምጽፈው ካርቶን ቆርጬ መስመር አድርጌ፣ በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ያንቺን ደብዳቤ የማነበው የሚስቴን አጉልቶ ማሳያ መስታወት ዓይኔ ላይ ለጥፌ፣ አንዲት ቃል በአንዲት ቃል ነው። እርሻው ውስጥ ግን ዓይን አያስፈልገኝም ነበር። ከመንገዱ ጀምሬ ረድፉን በእርምጃ እቆጥራለሁ። ጨርቁን በጣቴ አውቀዋለሁ፤ ጠርዙ የተዘመዘመ የሚስቴ ነው።

የበዓሉ ቀን ተሳቢው ላይ አዙረውኝ ካወረዱኝ በኋላ ቁጥሩ ጠፋኝ። የት እንደቆምኩ አላወቅኩም። መሃል እርሻው ላይ ያለሁ መሰለኝ፤ ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ነበር፣ የወንዙን ድምፅ የልጆቹ ጩኸት ዋጠው። ዝምቴ እየሮጠች መጣች፣ ልጆቹ ከኋላዋ። "ጋሼ፣ ይኼ ረድፍ ላይ ጨርቅ አለ፤ የእርስዎ ነው የእነሱ?" አለችኝ። እጄን ዘርግቼ ብነካው ኖሮ አበቃ ነበር። አዘጋጅሽ አጠገቤ ነበር። ወላጆቹም ነበሩ። አንዱ "አባባ፣ ዓይንዎ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ሰው ፊት እንደ ዕውር ጨርቅ አልዳብስም አልኩ በልቤ። አንገቴን ቀና አድርጌ አየሁት። "የእነሱ ነው፣ ግቡ" አልኩ።

ይኸው ነው። ሌላ ነገር የለውም።

ፖሊስ ሲጠይቀኝ ይህን አልተናገርኩም። ላንቺም አልጻፍኩም። ዝምቴም አልተናገረችም። ይህ ነው የገደለኝ። በየቀኑ ጣቢያው በር ድረስ እሄድና እመለስ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ገባሁ። በሽቦው በኩል አገናኙን።

"ጋሼ፣ ማን አመጣዎት?" አለችኝ።

"እግሬ።"

"እግርዎማ ግንባርዎን ከምን ጋር እንዳጋጨው እያየሁት ነው።"

ከስቷል ድምፅዋ። ለምን አልተናገርሽም አልኳት። "ምን ብዬ? ሽማግሌው አያይም ብዬ? ቤትዎን ይነጥቁዎት እንዴ? እኔ ወጣት ነኝ።"

"ሃምሳ አራት ዓመትሽ ነው።"

"ለእስር ቤት ወጣት ነኝ" አለች። ሳቅኩ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ቀጥላም "እኔስ ንጹሕ ነኝ እንዴ? እንደማያዩ እያወቅኩ ነው የጠየቅኩዎት። ሁልጊዜ በጣትዎ ሲያገላብጡት አይቼዎታለሁ። ይዳብሱታል ብዬ ጠበቅኩ። ሳይነኩት ግቡ ሲሉ አፌ ተያዘ። ይህ አፌ፣ ያን ቀን ብቻ ነው ሥራ የፈታው" አለችኝ። ከዚያ "ያቺ ልጅ እጄን ይዛ ነበር የገባችው" አለች። ከዚህ በኋላ ምንም ብላት አልመለሰችልኝም። ጠባቂው ሰዓት አልቋል እስኪል ድረስ ዝም ብላ ቆማ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም በይ ስላት የኖርኩት ሰውዬ፣ ተናገሪ እንጂ ብዬ ለመንኳት።

የሰደድሽልኝን ወረቀት አልፈረምኩም፣ አልፈርምም። ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ፍርድ ቤት ቆሜ ያለውን ተናግሬ ጨርሻለሁ። ተይ እንዳትይኝ ነው አዘግይቼ የምልከው። ድርሻሽን ሽጪ። የእኔም የሚወሰድ ከሆነ ይወሰድ። አረጋውያን የሚጦሩበት ያልሽው ቤትም ቢሆን፣ ከእስር ከተረፍኩ፣ እገባለሁ፤ ምድር ቤት ይሁን ፎቅ ግድ የለኝም። ብቻ አስቀድሜ ያለብኝን ልጨርስ። ማንም አይክፈልልኝ፤ አንቺም ገንዘብ እንዳትልኪ። ይህን ደግሞ የምጽፍልሽ ብሞት ለማን ምን ዕዳ እንዳለብኝ እንዲታወቅ ነው።

ለዝምቴ፦ ዳኛው ፊት፣ በአፌ፣ "ግቡ ያልኩት እኔ ነኝ" የሚል ቃል። ስትወጣ ደግሞ በሩ ላይ የምትጠብቀኝ እሷ ሳትሆን የምጠብቃት እኔ ነኝ።

ለብስክሌት ጠጋኙ፦ ሁለቴ ሄጃለሁ፤ ሁለቴም በሩ ላይ ሆኜ የፓምፑን ድምፅ ሰምቼ ተመልሻለሁ። ሦስተኛውን እገባለሁ። ቢመታኝ እቆምለታለሁ። ለእናቷም ሌላ ቃል አለብኝ፤ ምን እንደሆነ ገና አላውቅም።

ለተረፉት አራት ልጆች ወላጆች፦ ሦስቱ ከተማ ናቸው። አድራሻቸውን ከጣቢያው ወስጃለሁ። በአውቶቡስ እሄዳለሁ፤ ቤቱን የሚያሳየኝ ሰው መንገድ ላይ አይጠፋም።

ለአዘጋጅሽ፦ ለፖሊስ ጨርቄን ያበላሸው እሱ ነው ብዬ ነበር። ያንንም ቃሌን አነሳለሁ፤ ጫማውን ባልወደውም።

ለመሬቱ፦ የታችኞቹን አራት ረድፎች እነቅላለሁ። ጀምሬአለሁ፤ በቀን ሦስት ግንድ ነው የምችለው። ፍሬውን ጉድጓድ ቆፍሬ ቀብሬዋለሁ፤ ወፍ እንኳ አይቅመሰው።

ላንቺ፦ ስለ ዓይኔ የዋሸሁሽን። እሱን ዛሬ ከፍያለሁ፤ አንዱ ቀለለ።

ለወፍጮ ቤቷ ጎረቤቴ፦ ብርድ ልብስ። ልጅቷን ጠቅልለን ተሳቢው ላይ ያስተኛንበት ነው፤ የእሷ ነው። ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ መጥራቱን በአፍንጫዬ ነው ያረጋገጥኩት። አሁን ሽቦው ላይ ተሰጥቷል። ሲደርቅ አጥፌ፣ እኔው አደርስላታለሁ።